ያገለገለ አውሮፕላን ዋጋው ከምን ይመጣል?
ለጋራ ንብረት አያያዝ ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት



በደጎሎ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጥርሱን ያያል። ያገለገለ ትንሽ አውሮፕላን የሚገዛ ሰው ደግሞ አስቀድሞ መዝገቡን ያያል። የጋራ ማሽን ያለን እኛም ከዚህ የምንማረው አለ።

እንደሚታወቀው አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። እሱም ፖቴዝ 25 የተባለ ባለ አንድ ሞተር የፈረንሳይ ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ከታዩት መካከል የሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ዕጣ ልዩ ልዩ ሆኗል።

አንደኛው ጂፕሲ ሞዝ የተባለው የንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን ነው። በ1923 ዓ.ም. የንግሥና በዓሉ ሲቃረብ ኸበርት ጁሊያን የተባለ የትሪኒዳድ ተወላጅ አብራሪ አስነሥቶት ተከሰከሰ። አብራሪው ቢተርፍም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። በጥንቃቄ የተያዘ ንብረት በአንድ ቀን ስህተት ጠፋ።

ሁለተኛዋ በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት «ፀሐይ» ናት። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ወሰዳት፤ በሙዚየም ተጠብቃ ቆይታ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ሰማንያ ስምንት ዓመት ገደማ ያለፋት ብትሆንም ክብሯ አልቀነሰም።

ለግብርናውም ትንሽ አውሮፕላን ባዕድ አይደለም። በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ አየር መንገድ «እሸት» የተባለ ባለ አንድ ሞተር የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ገጣጥሟል።

ወደ ሽያጩ እንምጣ። በዓለም ላይ በብዛት የተሠራው ሴስና 172 ከእ.ኤ.አ. 1956 ጀምሮ ለገበያ ቀርቧል። አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላው ዛሬም ይሸጣል። ገዢው የሚጠይቀው ዕድሜውን ብቻ አይደለም። ሞተሩ ከመጨረሻው ኦቨርሆል ወዲህ ስንት ሰዓት ሠራ? ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች 2000 ሰዓት ገደማ ሲሠሩ ኦቨርሆል እንዲደረጉ አምራቹ ይመክራል። ስለዚህ 400 ሰዓት የሠራውና 1900 ሰዓት የሠራው ከውጭ ሲታዩ አንድ ቢመስሉም ዋጋቸው ለየቅል ነው። መጠለያ ውስጥ አድሯል ወይስ ሜዳ ላይ? በየጊዜው በርሯል ወይስ ቆሞ ከርሟል? ቆሞ የሚከርም ሞተር ውስጡ ይዝጋልና። መዝገቡ ከጠፋ ዋጋው ወዲያው ያሽቆለቁላል። ሻጩ በቃል የሚናገረው አይታመንለትም።

ከዚህ አኳያ ወደ ቤታችን እንመልከት። ትራክተር፣ መውቂያ ወይም ወፍጮ በአባላት ዕጣ የተገዛ ነው። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ማን እንደነዳው ካልተጻፈ፣ የሚሸጥበት ቀን ሲደርስ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ይገመታል። ኪሣራውም የአባሉ የትርፍ ክፍፍል ላይ ያርፋል።

ስለሆነም እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ደብተር ይክፈት፤ ኦፕሬተሩ በየዕለቱ ይጻፍ፤ የቁጥጥር ኮሚቴው በየወሩ ይፈርምበት። የአስተዳደር አካላትም ለጉብኝት ሲመጡ ከማሽኑ በፊት ደብተሩን ይጠይቁ። ደብተርና እስክርቢቶ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚያድነው ግን የብዙ ገበሬ ላብ ነው።