የማይጠራው ስምና የናዝሬቱ ኢየሱስ

የእስራኤል አምላክ ስም በጥንት ዘመን ምስጢር አልነበረም። በ1868 እ.ኤ.አ. ከሙት ባሕር በስተምሥራቅ ዲባን በተባለ ቦታ የተገኘው የሞዓብ ንጉሥ የሜሳ ሐውልት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ ነው። ንጉሡ በድል አድራጊነቱ እየተኩራራ፣ ከእስራኤላውያን የማረከውን የያህዌን ዕቃ በአምላኩ በካሞሽ ፊት እንዳቀረበ ይተርካል። ጠላት እንኳ ስሙን ያውቀው ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ኬቴፍ ሂኖም ከመቃብር ዋሻ የወጡት ሁለት ጥቃቅን የብር ጥቅሎችም በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 የሚገኘውን የካህናት ቡራኬ ይዘዋል፤ አራቱ የዕብራይስጥ ፊደላት፣ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ፣ ሰፍረውባቸዋል። ይኸው ስም በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ከ6,800 ጊዜ በላይ ተጽፏል።

ከባቢሎን ምርኮ መልስ ግን ስሙን የመጥራት ፍርሃት እየበረታ ሄደ። አንባቢው ስሙ ዘንድ ሲደርስ «አዶናይ»፣ ጌታዬ፣ እያለ ያልፍ ጀመር። የአይሁድ ሚሽና እንደሚነግረን ሊቀ ካህናቱ በማስተስረያው ቀን ስሙን እንደ ተጻፈው ሲጠራ፣ በአደባባዩ የቆመው ሕዝብ በግንባሩ ይደፋ ነበር። በ70 እ.ኤ.አ. ሮማውያን ቤተ መቅደሱን ሲያቃጥሉ ያ ሥርዓት አብሮ ቆመ። በ1947 እ.ኤ.አ. በሙት ባሕር ዳር መውጣት የጀመሩት የቁምራን ጥቅሎች ይህንኑ ፍርሃት በዓይን ያሳዩናል። በዕንባቆም ማብራሪያ ላይ ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ በዘመኑ ፊደል ጽፎ፣ ስሙ ዘንድ ሲደርስ ወደ ጥንታዊው የዕብራይስጥ ፊደል ይመለሳል። ከክርስትና በፊት የተጻፉ አንዳንድ የግሪክኛ ብሉይ ኪዳን ቅጂዎችም በግሪክኛው መካከል አራቱን ፊደላት በዕብራይስጥ ትተዋል። ክርስቲያኖች በገለበጧቸው ቅጂዎች ግን በቦታው «ኪሪዮስ»፣ ጌታ፣ የሚለው ቃል ገብቷል።

የእኔ ክርክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስሙን ለመጥራት እንኳ ከሚፈራ ሕዝብ መካከል የተነሡ ሰዎች፣ ኢየሱስ በተሰቀለ በ20 እና በ30 ዓመት ውስጥ፣ ስለዚያ ስም የተነገረውን ቃል ለአንድ ናዝራዊ አዋሉት። ይህን ያደረጉት የግሪክ ፈላስፎች ወይም የሮም ቄሣሮች አልነበሩም። ጳውሎስ በገዛ አንደበቱ ዕብራዊ ከዕብራውያን፣ በሕግም ፈሪሳዊ ነበር።

በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 45 ያለውን ልብ እንበል። መላው ብሉይ ኪዳን ስለ አንድ አምላክ አጥብቆ ከሚናገርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እግዚአብሔር ከእርሱ ሌላ እንደሌለ በራሱ ይምልና፣ ጉልበት ሁሉ ለእርሱ እንደሚንበረከክ፣ አንደበትም ሁሉ በእርሱ እንደሚምል ያውጃል። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ይህንኑ አዋጅ ወስዶ፣ ጉልበት ሁሉ በኢየሱስ ስም ይንበረከካል፣ አንደበትም ሁሉ እርሱ ጌታ እንደሆነ ይመሰክራል ይላል። በመስቀል ሞት ራሱን ላዋረደው ከስም ሁሉ የሚበልጥ ስም ተሰጠው የሚለውም እዚያው ነው። ኢሳይያስን በቃሉ የሚያውቅ አይሁዳዊ ከስም ሁሉ የሚበልጠው ስም የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ደግሞም ጳውሎስ ይህን ሁሉ የሚዘጋው ለእግዚአብሔር አብ ክብር ነው ብሎ ነው፤ ሁለተኛ አምላክ በጎን አላቆመም።

በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 10 ደግሞ ኢዩኤል ስለ እግዚአብሔር ስም የተናገረውን ለኢየሱስ ያውለዋል። የአማርኛ አንባቢ ይህን በቀላሉ ሊያልፈው ይችላል፤ ኢዩኤል ላይ «እግዚአብሔር»፣ ሮሜ ላይ «ጌታ» ይነበባልና። የቆሮንቶስ የመጀመሪያ መልእክት ሲፈጸምም በግሪክኛው መካከል «ማራናታ» የሚል የአራማይስጥ ልመና ብቅ ይላል፤ ጌታችን ሆይ፣ ና እንደማለት ነው። ለእኔ ይህ አንድ ቃል ከብዙ ጥራዝ ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ አይሁዳውያን አማኞች በራሳቸው ቋንቋ ወደ ኢየሱስ ይጸልዩ እንደነበር ይመሰክራልና።

«ኪሪዮስ» ለአሳዳሪም ለቄሣርም ይነገር ነበር፤ ቃሉ ብቻውን አምላክነትን አያስረዳም የሚለው መቃወሚያ እውነት ነው። የጳውሎስ ማስረጃ ግን ከቃሉ ይልቅ የጠቀሳቸው ክፍሎች ናቸው። ለአሳዳሪ ኢሳይያስ 45ን የሚጠቅስ የለም።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ምስክሮችም አሉ። በ112 እ.ኤ.አ. ገደማ የቢታንያ ገዥ ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖች ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ አመልክቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. በእስራኤል መጊዶ እስር ቤት ግቢ የተገኘው የ3ኛው ክፍለ ዘመን የሞዛይክ ወለል፣ አቄጵጦስ የተባለች ሴት ማዕዱን ለአምላክ ለኢየሱስ ክርስቶስ መታሰቢያ እንዳቀረበች ይናገራል። ይህ ሁሉ በ325 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የኒቅያ ጉባኤ በፊት ነው። የኢየሱስን አምላክነት ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ ፈጠረው የሚለው ወሬ በእነዚህ ፊት አይቆምም። በኒቅያ የተካሄደው የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ያስነሣው ሙግት ነው፤ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ወይስ ከፍጥረታት ሁሉ የከበረ ፍጡር? አርዮስም ቢሆን ለክርስቶስ መዘመሩን አልተወም።

ሙግቱ እስከ አክሱም ደርሷል። በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጥዮስ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ፤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ የሾመው የአክሱም ጳጳስ ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ መንበር ወደ ተተካው ጊዮርጊስ ተልኮ እንዲመረመር የሚጠይቅ ነበር። ደብዳቤው ራሱ በአትናቴዎስ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። አክሱም ግን የአርዮስን መንገድ አልተከተለችም። በግእዝ ድንጋዩ ላይ የሰማይን ጌታ የሚያመሰግነው ኢዛና፣ በግሪክኛው ጽሑፉ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል።

ዛሬም አንዳንዶች ስሙ ከሐዲስ ኪዳን ሆን ተብሎ ተፍቋል ይላሉ። ከ5,000 በላይ ከሆኑት የግሪክኛ ሐዲስ ኪዳን ቅጂዎች መካከል ግን አራቱን ፊደላት የያዘ አንድም አልተገኘም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የማንንም ስብከት ከመከተልህ በፊት ኢሳይያስ 45ንና ፊልጵስዩስ 2ን ጎን ለጎን ዘርግተህ፣ ቀስ ብለህ፣ ራስህ አንብብ።