የቆየ ሞተር ሳይክል ጠዋት አልነሳ ሲል

አርሞን ሃናጺቭ ከፍታ ላይ ስለሆነ የክረምቱ ብርድ ይጠነክራል። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተሩንም ዘይት ያወፍራል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪ ነው። ይሁን እንጂ ሳይለኩ አዲስ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በቴስተር ይለኩት። ሳይነካ ያደረ ጤነኛ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል። ከ12.4 በታች ከሆነ ቻርጅ ያድርጉት። ቀጥሎ ሞተሪኖው ሲዞር ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ከ9.5 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጡት ከ13.5 እስከ 14.5 ካላሳየ ግን ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ተበላሽቷል፤ አዲስ ባትሪ ቢገዙም በጥቂት ቀን ባዶ ይሆናል።

ባትሪው ደህና ሆኖ «ቀጭ» ብቻ ካለ የባትሪውን ጫፎችና ከሻሲው ጋር የታሰረውን የኔጋቲቭ ሽቦ ፈትተው ያጽዱ፤ መጀመሪያ የሚፈታው ኔጋቲቩ ነው። በአሮጌ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ይኸው ዝገት ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ቫልቮላውን፣ ቀዩን ማጥፊያ፣ የፍሪሲዮኑንና የጎን መቆሚያውን ማብሪያ ይዩ። ስኩተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን ካልተያዘ አይነሳም። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ እንቢ ካለ ወደ ካንዴላው ይሂዱ።

በሰፈራችን ቁልቁለት ለቆ ማስነሳት የሚሆነው ማርሽ ላለው ብቻ ነው፤ አውቶማቲክ ስኩተር በዚህ አይነሳም።

ጋራዥ ከሄዱ ባትሪ «ማጽበር»፣ ሞተሪኖ «ስታርተር»፣ ካንዴላ «ፕላግ» ይባላል። የለኩትን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ለመካኒኩ ያሳዩት።