የማይወረስ ስም

ካናዳ ተወልዳ ያደገች የወንድሜ ልጅ ባለፈው ዓመት አንዲት አጭር ደብዳቤ ላከችልኝ። «ጋሼ፣ የደጀን ቤተሰብ መነሻው ከየት ነው?» የሚል ነበር ጥያቄዋ። ነፍሰ ጡር ናት። የሚወለደው ልጅ በእርሷ የቤተሰብ ስም ይጠራ ወይስ በባሏ እያሉ ሲመካከሩ፣ ስለ ራሷ ስም ምንም እንደማታውቅ ታያት። ፍለጋ ጀመረች። ደጀን የሚባል ሯጭ ከትግራይ፣ ደጀን የሚባል ተራራ ከስሜን፣ ደጀን የምትባል ከተማ ከጎጃም አገኘች። «ሁሉም የእኛ ናቸው?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልሱን በአንድ መስመር ልጽፍላት ተነሣሁና አልሆነልኝም። ደጀን የቤተሰብ ስም አይደለም። የአንድ ሰው ስም ነው፤ የእኔ አያት፣ የእርሷ ቅድመ አያት። ቢቸና ተወልዶ እዚያው የተቀበረ፣ ከዓባይ ማዶ ያለውን የሸዋን ምድር ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ከማየት በቀር ያልረገጠ ገበሬ ነበረ። ወንድሜ ከአገር ሲወጣ በጉዞ ሰነዱ ላይ ሦስት ስሞች ተጻፉ፦ የራሱ፣ የአባታችንና የአያታችን። የተቀበለው አገር መዝገብ የመጨረሻውን ስም ይዞ የቀሩትን ወደ ጎን አደረጋቸው። ዓባይን ያልተሻገረው ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ የቤተሰብ ስም የሆነው እንዲህ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። በቀድሞው የጦር አሰላለፍ ፊታውራሪው በፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ ሲሰለፉ፣ ከኋላ ቆሞ ተዋጊውን የሚደግፈው፣ የተገፋውም ተመልሶ የሚጠጋበት ኃይል ደጀን ይባላል። ከጦር ሜዳ ወጥቶም ቃሉ መከታ፣ አለኝታ፣ የክፉ ቀን መጠጊያ ማለት ሆኗል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል የወረደ መንገደኛ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲጨርስ የሚቀበለው የመጀመሪያው የጎጃም ከተማ ደጀን ነው። ከበስተጀርባው ገደሉ፣ ከፊቱ የጤፍ ሜዳው ተዘርግቶ ለሚያየው፣ ስሙ የተስማማው ከተማ ነው።

በስሜን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው የአገራችን ትልቁ ተራራ ራስ ደጀን ነው። የውጭ አገር ሰዎች ቃሉን በካርታቸው ላይ ሲያሰፍሩት ዳሽን ሆነ። ያ የተለወጠ አጠራር ተመልሶ ወደ አማርኛችን ገባና የባንክም የቢራም መጠሪያ ለመሆን በቃ። የወንድሜ ልጅ ይህን ብታውቅ ኖሮ ባንኩንም ዘመዳችን ነው ወይ ብላ በጠየቀችኝ ነበር።

ሯጩ ደጀን ገብረመስቀል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ ያገኘው። በዓለም የውጤት ሰሌዳ ላይ የሚጎላው ግን ገብረመስቀል የሚለው፣ የአባቱ ስም ነው። ኃይሌም በዚያው ሰሌዳ ገብረሥላሴ ነው። ሩጫውን ልጆቹ ሮጠው ሰሌዳው አባቶቻቸውን ጻፈ። ከተማው፣ ተራራው፣ ሯጩና አያቴ በሥጋ አይዛመዱም። አንድ ስም ከጎጃም እስከ ስሜን፣ ከስሜን እስከ ትግራይ የተዳረሰው በዘር ሐረግ አይደለም። ቃሉ የሁሉም ስለ ሆነ ነው።

እዚህ ላይ ስም በእኛ ዘንድ ምን ሥራ እንደሚሠራ ማስታወስ ይገባል። ልጅ ሞቶበት ሌላ የተወለደለት አባት ምትኩ ይላል። እናት ኀዘኗን ያስረሳትን ልጅ ማስረሻ ትለዋለች። ሌላው ካሳ ነው፣ ሌላው ተካልኝ። ጋሻው፣ መከታ፣ ደጀኔ የሚሉት ደግሞ ወላጅ ለነገ የሚያስቀምጣቸው ተስፋዎች ናቸው። ስሙ የአንድ ቀን ታሪክ፣ የአንድ ሰው ጸሎት ነው። ማስረሻ የተባለው ሰው ዘር ሁሉ ለስድስት ትውልድ ማስረሻ ቢባል የትኛውን ኀዘን ያስረሳል? ስለዚህ ስሙ ከልጁ ኋላ እንደ አባት ስም፣ ከልጅ ልጁ ኋላ እንደ አያት ስም ተከትሎ ይሄድና ዱካው ይጠፋል። ሰው በአንድ ዕድሜው እንኳ በአንድ ስም አይወሰንም። ራስ አዳል ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1881 ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ በጦር ሜዳ አባ ኮስትር ነበር። በ1937 ዓ.ም. ተሰቅሎ ሲሞት ልጁ የተጠራችው በበላይ እንጂ በዘለቀ አልነበረም።

የወንድሜ ልጅ ይህን ስጽፍላት፣ «ታዲያ የባሌ ስም እንዴት እንዲህ ሆነ?» ብላ መለሰችልኝ። ባሏ የአየርላንድ ዘር አለው። ስሙ ብዙ ሰው የማይጠራበት ነው፤ ሆኖም መዝገብ ገልጦ አባቶቹ የተነሡበትን ሰበካ ሊያሳያት ችሏል። እርሷ በስሟ አገር ልታገኝ አልቻለችምና ይህ አሳፍሯት ነበር።

አየርላንዳውያንም የጀመሩት እንደ እኛ ነው። በስማቸው መነሻ ላይ የሚሰማው «ማክ» ትርጉሙ ልጅ ነው፤ «ኦ» ደግሞ የልጅ ልጅ፣ ተወላጅ። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ የልጅ ልጅ ይሉ ነበር። በ10ኛውና በ11ኛው ምእት ዓመት ግን ያ ተከታይ ስም መንቀሳቀሱን ተወ። አንዱ አባት ባለበት ቆሞ ለተወላጆቹ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ከዚያ በኋላ በ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ እንግሊዞች መሬቱን ለግብር ሲገምቱ የባለ ይዞታዎቹን ስም በየሰበካው ጻፉ። ዛሬ ብርቅ የሆነ የአየርላንድ ስም የያዘ ሰው ያንን የግምት መዝገብ ሲገልጥ ስሙን በአንድና በሁለት መንደር ተሰብስቦ ያገኘዋል። አይስላንዶች ግን እስከ ዛሬ እንደ እኛ በአባት ስም ይጠራሉ። እንዲያውም አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን እ.ኤ.አ. በ1925 በሕግ ከልክለዋል።

የእነርሱ ስም ቆሞ የእኛ ለምን መፍሰሱን ቀጠለ? ብዙ ሰው መዝገብ ስላልነበረን፣ ስላልሠለጠንን ነው ይላል። እኔ ግን መልሱ ያለው በምሥራቅ ጎጃም አፈር ውስጥ ይመስለኛል። መልሱ ርስት ነው።

ጎጃም ውስጥ ርስት የሚገኘው አገሩን ካቀናው ዋና አባት መወለዱን መቁጠር ለቻለ ሰው ነበር። ይህን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ በዝርዝር አስፍሮታል። ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ቆጠራው በአባት በኩል ብቻ አልነበረም። በእናት፣ በአባት እናት፣ በእናት እናት አባት በኩል ተቆጥሮ ድርሻ ይጠየቅ ነበር። ሰው በአንድ ጊዜ የብዙ ዋና አባቶች ልጅ ነው። በአንዱ አጥቢያ በአባቱ ወገን፣ በሌላው በሴት አያቱ ወገን ይሟገታል። እንዲህ ላለ ሰው በአባት መስመር ብቻ የሚወርድ አንድ የቤተሰብ ስም ምን ይጠቅመዋል? አንዱን ወገን ጠብቆ ሌሎቹን ይዘጋበታል። የቤተሰብ ስም ያልያዝነው ዘር መቁጠር ስላልቻልን አልነበረም። በአንድ ስም የማይጠቃለል ብዙ ዘር ስለምንቆጥር ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም ቆጠራውን ታጠብቀው ነበር። እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡምና፣ ሙሽራና ሙሽሪት ከመተጫጨታቸው በፊት ሽማግሌዎች በሁለቱም ወገን፣ በወንዱም በሴቱም፣ ስም እየጠሩ ወደ ላይ ይወጡ ነበር።

ነገሩን ማስዋብ ግን አይገባም። የቆጠራው ጸጋ ለሁሉም አልደረሰም። ሀብታሙ መንግሥቴ የምሥራቅ ጎጃምን የመሬት ሥርዓት ባጠናበት ሥራው እንደሚያሳየው፣ ከጌታውና ከባለ ርስቱ ሌላ ዜጋ የሚባል፣ የራሱ ርስት የሌለው ሰው ነበረ። ከሞጣ ጊዮርጊስ እስከ ቢቸና በየደብሩ ዙሪያ የሚያርስ፣ የሚሸምንና የሚቀጠቅጥ፣ ነገር ግን ዘሩ የማይቆጠርለት ብዙ ሕዝብ ኖሯል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ዘር እየቆጠረ ሰብለን ለማን እንደሚሰጣት ሲያጣ ያነበበ ሰው፣ ቆጠራ ሰውን ማገናኘት ብቻ ሳይሆን ማጠርም እንደሚችል ያውቃል።

መንግሥት የቤተሰብ ስም ሊሰጠን አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ መጠሪያና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ውርስንና ውልን እስከ ዛሬ ይገዛል፤ ያቺ የቤተሰብ ስም ግን በሕዝቡ አፍ አልገባችም። ጎጃም ቀድሞውንም መሬቱን በአንድ ሰው ስም ለሚጽፍ መዝገብ ጥሩ ዓይን አልነበረውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሞጣና ቢቸና በዐመፅ የተነሡት ግብሩን ብቻ ጠልተው አልነበረም። መሬት ይለካል፣ ርስት ይነቀላል የሚል ሥጋትም ነበረባቸው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል ለእነርሱ ተረት ብቻ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ለዜጋው ልጅ ይህ ታላቅ ቀን ነበር፤ ዘር ሳይቆጥር መሬት አገኘ። በዚያው ቀን ግን የአባቶችና የእናቶች ስም ሥራውን አጣ። መሬት የማያስገኝ ስም ለምን ይጠናል? የእኔ ትውልድ እስከ አያቱ ያውቃል። ከእኔ በታች ያለው ደግሞ መታወቂያው ላይ የተጻፈውን ያውቃል። የሚገርመኝ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በክልሉ የታደለው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። ባልና ሚስት ፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ተለጥፎ፣ እርሱም በአባቱ እርሷም በአባቷ ስም ተጽፈው ይታያሉ። ሁለት ወገንነቱ አልጠፋም፤ የጠፋው ወደ ላይ የሚወጣው መሰላል ነው።

የወንድሜን ልጅ ጥያቄ ይዤ ቢቸና ወዳለችው አክስቴ ሄድሁ። መንኩሳለች፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ደኅና ነው። «እማሆይ፣ ከአያታችን ከደጀን በላይ ቁጠሪልኝ» አልኋት።

«በየት በኩል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ አስደነገጠኝ። እኔ አንድ በኩል ብቻ እንዳለ ቆጥሬ ነበር። በአባቱ ወገን ጀመረችልኝና ሦስት ስም ጠርታ ቆመች። «ከዚያ አላውቅም፤ እዚያ መሬት አልነበረንም» አለች። በእናቱ ወገን ስትጀምር ግን ድምፅዋ ተለወጠ። መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ጣቷን እያጠፈች፣ ሳትደናቀፍ ዘጠኝ ስም ወጣች። «ርስቱማ የሴቷ ነው፤ አባትህን ያስተማረው፣ ወንድምህን ፈረንጅ አገር ያደረሰው የእርሷ ማሳ ነው። ደጀን ራሱ የታረሰ የእናቱን ነው» አለችኝ።

ዘጠኙን ስም በወረቀት ጻፍሁ። እዚህ አልደግማቸውም፤ የቤት ነገር ናቸው። ለወንድሜ ልጅ ግን አንድ በአንድ ላክሁላት። አብሬም ይህን ጻፍሁ፦ ልጄ፣ የባልሽ ስም አገሩን ያሳየዋል፤ ጥሩ ነው፣ ይጠብቀው። ያንቺ ስም ግን አገር አያሳይሽም። አንድ ሰው ያሳይሻል፤ ደጀን ይባል ነበር፤ እናቱ አለኝታዬ ይሁን ብላ ያወጣችለት ስም ነው። ሯጩም ተራራውም ዘመድሽ አይደሉም። ዘመዶችሽ በዚህ ወረቀት ላይ ያሉት ናቸው። ልጁ በመዝገብ በማንም ስም ይጻፍ፣ ወረቀቱን ግን ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አስቀምጪለት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መለሰችልኝ። ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ስለ ቤተሰብ ስሙ ምንም አላለችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዘጠኙ ስሞች ስንቱ የሴት እንደ ሆነ መለየት አቅቷታል።

አምስቱ ብዬ ጻፍሁላት።