ስለ ግድግዳ ጌጥ

ቤት የሌለው ሰው ቤት ይመኛል፤ ቤት ያገኘ ደግሞ በማግሥቱ ግድግዳውን እያየ «ይህን ባዶ በምን ልሸፍነው?» ይላል። ይህ ምኞት የባለጠጋ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ድኻው ከባለጠጋው ይልቅ ስለ ግድግዳው ይጨነቃል፤ ባለጠጋ ለእንግዳ የሚያሳየው ብዙ ዕቃ አለው፤ ድኻ ግን ከአራቱ ግድግዳ በቀር የሚያሳየው የለውምና።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ የልጅ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ይዞ አንዲት ክፍል ተከራየ። አንድ ቀን ወደ እኔ መጣና «አባባ፣ ከሱቅ ሦስት ሥዕሎች ልገዛ አስቤ ገንዘቡ ጎደለኝ፤ ደመወዝ ስቀበል የምመልሰው ጥቂት ብር ያበድሩኝ» አለኝ። የምን ሥዕሎች ናቸው ብዬ ብጠይቀው አንደኛው የባሕር ዳርቻ፣ ሁለተኛው አበባ፣ ሦስተኛው ድልድይ መሆኑን ነገረኝ። «ድልድዩ የት አገር ያለ ነው?» አልኩት። «እንጃ፤ ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው እንጂ» ብሎ ሣቀ። እኔ ግን አልሣቅሁም። በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም እንደዚሁ ያለ ሥዕል ገዝቼ ነበርና፤ ዕዳውንም እስከ ዛሬ ከፍዬ አልጨረስሁም። ያን ቀን የምመልስለትን በአፌ ማስተካከል ስላቃተኝ «ቆይ፣ ጽፌ እሰጥሃለሁ» አልሁት። የጻፍሁለት ይህ ነው፤ ሌሎችም ወጣቶች ቢያነቡት አልጠላም።

በእኛ አገር በጥንት ጊዜ በሥዕል ያጌጠ ግድግዳ የሚታየው ይልቁንም በቤተ ክርስቲያን ነበር። የጎንደርን ዘመን ሥዕሎች የሚያይ ሰው ሠዓሊው ብሩሹን በቀጥታ በድንጋዩ ላይ ያሳረፈ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ድንጋዩ በጭቃና በጭድ ይመረጋል፤ በምርጊቱ ላይ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል፤ ሥዕሉ ያረፈው በጨርቁ ላይ ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ወደ ጣሪያው ቀና ያለ ሰው ከመቶ በላይ የሆኑ የመላእክት ፊቶች ወደ ታች ሲያዩት ያገኛል፤ እኔም በወጣትነቴ አንገቴ እስኪያመኝ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ ጭቃ፣ ጭድ፣ ጨርቅ፣ ሙጫ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከድኻ ቤት የማይገኝ አይደለም።

በሙጫ የተለጠፈ ነገር ግን ሊላጥ ይችላል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1932፣ አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ የሚያቋርጥ የፈረንሳይ የምርምር ጓድ በማርሴል ግሪዮል መሪነት ጎንደር ደረሰ። ከዚያም ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ከግድግዳው ልጦ ወሰደ፤ በምትካቸውም ከጓዱ ጋር የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ ያዘጋጀው ቅጂ ተለጠፈ። ዋናዎቹ ፓሪስ ገቡ። ባይወሰዱ ኖሮ ዝናብና ቸልታ ያጠፋቸው ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ። ምናልባት እውነት ይሆናል። የሆነ ሆኖ፣ በፊቱ ተንበርክከው የጸለዩ ሰዎች የነበሩት ሥዕል ዛሬ የሚታየው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ በሚያልፍ መንገደኛ ነው፤ ይህን ሳስብ ደስ አይለኝም።

ይህ እንግዳ ሰው ከሰው ግድግዳ ላይ የወሰደው ነው። ሳይወሰድ የታየ ግድግዳም አለ፤ ስለ እርሱ ያነበብሁት በሕንድ ታሪክ ነው። አገሩ ሩቅ ቢሆንም የዚያ አገር እናቶች ሥራ ከእናቴ ሥራ ጋር ስለ ተመሳሰለብኝ ዘርዘር አድርጌ እነግራችኋለሁ።

በሕንድ ሰሜን፣ ቢሃር በሚባለው ክፍል፣ ከኔፓል ወሰን አጠገብ ሚቲላ የተባለ አገር አለ። በዚያ አገር ሴት ልጅ ስትዳር ሙሽሮቹ የሚገቡበት ክፍል ግድግዳ በሥዕል ይሞላል። ሠዓሊዎቹ ወንዶች አይደሉም፤ እናት፣ አያት፣ አክስትና የጎረቤት ሴቶች ናቸው። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ግድግዳው በጭቃና በከብት እበት ይለሰናል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ነጩን ከተፈጨ ሩዝ፣ ቢጫውን ከእርድ ያወጡታል። ብሩሻቸው ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት የቀርከሃ ስንጥር ነው። የሚሥሉት የውኃ አበባ፣ ቀርከሃ፣ ዓሣ፣ በቀቀን፣ ኤሊ፣ ፀሐይና ጨረቃ ነው፤ ሁሉም ለሙሽሮቹ ልጅና በረከት የመመኘት ምልክት ነው። አንዲቱ ሴት ስትሥል ልጅዋ አጠገብዋ ተቀምጣ ታያለች፤ ትምህርት ቤቱ ይኸው ነበር። ጭስና ዝናብ ሥዕሉን ሲያደበዝዙት ማንም አያዝንም፤ ሌላ ሠርግ ሲመጣ እንደ ገና ይሣላል። ከቤተ ሰብና ከጎረቤት በቀር ያየው አልነበረም።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1934 በጥር ወር ያን አገር ታላቅ የምድር መንቀጥቀጥ መታው። በቢሃርና በኔፓል ከ10 ሺህ የሚበልጥ ሰው አለቀ። በዚያ ጊዜ ሕንድ በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ ዊልያም አርቸር የሚባል አንድ እንግሊዛዊ ሹም ጥፋቱን ለመመርመር በየመንደሩ ሲዘዋወር፣ የፈረሱት ቤቶች ውስጣቸው ተገልጦ ከውስጥ በኩል ያለው ግድግዳ ሁሉ በሥዕል የተሞላ ሆኖ አገኘው። ሰውየው የአውሮጳን አዳዲስ ሠዓሊዎች ሥራ ያወቀ ነበርና ተደነቀ፤ በኋላም ፎቶግራፍ አነሣቸው፤ በ1949ም ስለ እነርሱ ጽፎ አሳተመ። እነዚያ ሴቶች ግን እንዲደነቁ ብለው አልሣሉትም፤ የተደነቁትም ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ነው።

ከዚህም ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1966 እና በ1967 በቢሃር ድርቅ ሆነ። የሕንድ የእጅ ሥራ ድርጅት ባስካር ኩልካርኒ የሚባል ሠዓሊ ወደ ሚቲላ ላከና ለሴቶቹ ወረቀት አደለ፤ በግድግዳ ላይ የምትሥሉትን በወረቀት ላይ ሣሉልን፣ እኛም እንሸጥላችኋለን ተባሉ። ብዙዎቹ መጀመሪያ አፈሩ፤ ለቤት የሚሠራ ነገር እንዴት ይሸጣል? የራበው ልጅ ያለቻት እናት ግን ወረቀቱን ተቀበለች። በ1975 ከእነዚህ ሴቶች አንዷ የሆነችው ጃግዳምባ ዴቪ ከሕንድ መንግሥት የፓድማ ሽሪ ኒሻን ተሸለመች።

ከእነርሱ መካከል ጋንጋ ዴቪ የተባለችው በካንሰር ታማ ዴልሂ ላይ ስትታከም ሳለች በዚያ ከተማ በሚገኘው የእጅ ሥራ ሙዚየም ውስጥ አንድ የሙሽራ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ሣለች። በ1991 ሞተች። በ2015 ገደማ ሙዚየሙ ሲታደስ ያ ክፍል ጠፋ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ሰዓት ተቀመጥሁ። ሰዎቹን ግን ለመውቀስ አፍ የለኝም፤ እኔም ግድግዳ አድሻለሁና።

አባቴ ወሎ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ከቢሮ ሲመለስ የተነበቡ የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ቅጠሎች ጠቅልሎ ያመጣል። ጋዜጣው መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ነፍስ ባወቅሁበት ጊዜ ግን በብዙ የአገራችን የጭቃ ቤቶች እንደ ግድግዳ ልብስ የሚቆጠር ሆኖ ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም። በየዓመቱ በጳጉሜን ቤቱ ከተለሰነ በኋላ ዱቄት በውኃ በጥብጣ በትንሽ እሳት ላይ እያማሰለች ሙጫ ታበስላለች፤ ተባይ እንዳይበላውም የሬት ውኃ ጠብ ታደርግበታለች። ቅጠሎቹን የምትመርጠው በፊደሉ ሳይሆን በሥዕሉ ነበር፤ ፎቶግራፍ ያለበትን ወደ በሩ ፊት ለፊት፣ ጽሑፍ ብቻ የሆነውን ወደ ጓዳ ትለጥፋለች። አንዳንዱን ስለ ዘቀዘቀችው እኛ ልጆች አንገታችንን አጣመን እናነብ ነበር። እኔ «ሀ ሁ»ን የለየሁት ከቄስ ትምህርት ቤት ቀድሜ ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። በጋዜጦቹ መካከል ደግሞ በአለላ ያጌጡ የእጅዋ ሰፌዶች ይሰቀሉ ነበር።

በምሥራቁ ማዕዘን፣ ከአባቴ መኝታ በላይ፣ እናቴ በየዓመቱ ስትለጥፍ የማትነካው አንድ ቅጠል ነበረ። ጠርዙ ላይ አባቴ በእርሳስ ይጽፍበታል፤ ያበደረውን ገንዘብ፣ ላሚቱ የወለደችበትን ቀን፣ የእኛን የልጆቹን ልደት። ለምን እንደማትነካው አልጠየቅሁም። ልጅ የቤቱን ነገር ሁሉ ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን አይጠይቅም።

አባቴ በ1958 ዓ.ም. ሞተ። እኔ በ1963 መምህር ሆኜ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል፣ ግማሹን አውጥቼ የዘይት ቀለምና በመስተዋት የተከፈፈ አንድ ሥዕል ገዛሁ፤ በረዶ የለበሰ ተራራና ሐይቅ፣ በሐይቁም ዳር የእንጨት ቤት ያለበት ነበር። የስዊስ አገር ነው ብሎ ነው ነጋዴው የሸጠልኝ። ለእናቴ ደስታ ለማድረግ አስቤ፣ ገበያ ሄዳ ሳለች ጋዜጣውን ሁሉ እያራስሁ ፋቅሁ፤ ግድግዳውን ቀባሁ፤ ሥዕሉን ሰቀልሁ። እውነቱን ለመናገር ደስታው ለእርስዋ አልነበረም፤ ጓደኞቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ጋዜጣ የለበሰ ቤት እንዳያዩብኝ አፍሬ ነው።

እናቴ ተመልሳ ገባች። ሥዕሉን አየችና «ያምራል፣ ተባረክ» አለች። ከዚያ ወደ ምሥራቁ ማዕዘን ሄዳ ግድግዳውን በመዳፍዋ ዳሰሰች። ቀለሙ አልደረቀም ነበርና እጅዋ ላይ ወጣ።

«እዚህ ላይ የነበረውንስ የት አደረግኸው?» አለችኝ።

የፋቅሁትን ቅዳጅ በጆንያ አድርጌ ከጓሮ አቃጥዬው ነበር። ነገርኋት። ምንም አልመለሰችም። ከዓመታት በኋላ ነው፣ እርስዋም ከሸመገለች በኋላ፣ ነገሩን ያወጣችልኝ። ከእኔ ቀጥላ ተወልዳ በሦስት ወርዋ የሞተች እኅት ነበረችኝ። አባቴ የተወለደችበትን ቀንና ክርስትና የተነሣችበትን ቀን፣ ከዚያም ያረፈችበትን ቀን በዚያ ጠርዝ ላይ ጽፎት ነበር። ሌላ የተጻፈበት ቦታ አልነበረም። እናቴ ፊደል ባታውቅም ሦስቱ መስመሮች የትኞቹ እንደሆኑ ታውቅ ነበር፤ ማታ ማታ ስትተኛም ጣትዋን ታሳርፍባቸው ነበር። «ወሩ ጥቅምት ይመስለኛል፤ ቀኑ ግን ጠፋኝ» አለችኝ።

የስዊሱ ሥዕል ብዙ ዘመን ተሰቅሎ ቆየ። መስተዋቱም አልተሰበረም።

ይህን ለልጁ ካነበብሁለት በኋላ ገንዘቡን አበደርሁት፤ ለሦስቱ ሥዕል ግን አልሆነም። አብረን መርካቶ ወርደን ሁለት ሜትር አቡጀዲ ገዛን። ዱቄቱ ከቤት ተገኘ። ሙጫውን እኔ አማሰልሁ፤ እጄ የእናቴን ልክ አልረሳውም፤ አንድ እጅ ዱቄት ከአምስት እጅ ያህል ውኃ፣ ድፍርስነቱ ጠፍቶ እንደ አጥሚት እስኪወፍር። አከራዩ እንዳይቆጡ ጨርቁን በግድግዳው ላይ ሳይሆን በቀጭን ጣውላ ላይ ወጥረን ለጠፍነው። እናቱ የሰፋችውን ሰፌድ ከአልጋ ሥር አውጥቶ ከጎኑ ሰቀለው። ሐረር ሄዶ የሰው ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቃል፤ በዚያ ከተማ የቤቱ ሴቶች የሰፉት ስፌትና ሳሕን ከግድግዳው ወርዶ አያውቅም፤ ቤት የማን እንደሆነ የሚታየው በእርሱ ነው። ልጁ በጨርቁ ላይ የአያቱን ቤት ሣለ። ሥዕል አልተማረምና በሩ ከጣሪያው ሊበልጥ ምንም አልቀረው፤ እኔም ያንን አልተናገርሁም።

ሥራው ሲደርቅ እርሳስ ስጠኝ አልሁት። በጨርቁ ምሥራቅ ማዕዘን፣ በትንሽ ፊደል፣ የእኅቴን ስም ጻፍሁ። ከሥሩ «ጥቅምት» ብዬ ቀኑን ባዶ ተውሁት።