ሊቼስ፦ በበጎ ፈቃደኞች የሚገነባው የቼዝ ሰርቨር

ሁለት ሰዎች በበይነ መረብ ቼዝ እንዲጫወቱ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ የሚቀበል፣ ሕጉን የሚያረጋግጥና ሰዓት የሚቆጥር ሰርቨር ያስፈልጋቸዋል። በጎ ፈቃደኞች በጋራ የሠሩት ሰርቨር የማን ንብረት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ቀድሞም አከራክሯል።

እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ኢንተርኔት ቼስ ሰርቨር ለተጫዋቾች ነጻ ነበር። በ1995 ወደ ንግድ ድርጅትነት ተለውጦ የአባልነት ክፍያ መጠየቅ ጀመረ። በሥራው ላይ በነጻ የተሳተፉ አንዳንድ ባለሙያዎች ለሕዝብ ያበረከቱት ስጦታ ለሽያጭ መዋሉን ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመትም ፍሪ ኢንተርኔት ቼስ ሰርቨር የተሰኘ ነጻ አገልግሎት ተመሠረተ።

ሊቼስን በ2010 የጀመረው ፈረንሳዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ቲቦ ዱፕሌሲ ነው። አገልግሎቱ ማስታወቂያ የለውም፤ ወጪው የሚሸፈነው በልገሳ ነው። ጥቂት ተከፋይ ሠራተኞች ቢኖሩትም፣ በርካታ በጎ ፈቃደኞች ኮድ ይጽፋሉ፣ ወደየቋንቋቸው ይተረጉማሉ፣ የሚያጭበረብሩ ተጫዋቾችንም ይቆጣጠራሉ። ሌሎች ደግሞ የተጠናቀቁ ጨዋታዎች እንዲተነተኑ የኮምፒውተራቸውን አቅም ያውሳሉ።

የሊቼስ ሰርቨር ኮድ ለማንም ክፍት ነው። የፈቃድ ውሉ እንደሚደነግገው፣ ኮዱን አሻሽሎ በበይነ መረብ አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ ያሻሻለውን ኮድ ለተጠቃሚዎቹ ክፍት ማድረግ አለበት። በመሆኑም አስተዳደሩ ነገ አቅጣጫ ቢለውጥ እንኳ እስከዚያ የተሠራው ሥራ በሕዝብ እጅ ይቆያል፤ ሌሎች ከዚያው ተነሥተው ሌላ ሰርቨር ማቆም ይችላሉ።