«ልጅ እንዴት ይመራል?»፦ የወላጅነት ዝለትና የስሜት ብልህነት ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሲታይ

እስቴ የምትኖረው አክስቴ ቡና እየቆላች ሳለ አንድ ነገር ጠየቅኋት። ሐሳቡን የወሰድኩት የወላጆችን ዝለት ለመለካት ከተዘጋጀ መጠይቅ ነው፤ አማርኛው የራሴ ነው። «እቴቴ፣ ልጅ ማሳደግ መሮሽ ያውቃል?» አልኳት። የብረት ምጣዱን አስቀምጣ አማተበች። «በስመ አብ! ልጅ እንዴት ይመራል? አንተ ደግሞ ከተማ ገብተህ ይኸንን ነው የተማርከው?» ወሬው በዚሁ ተዘጋ። በረካው ሲቀዳ ግን፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «መሸት ሲል እማዬ የሚለኝ ባይኖር እላለሁ፤ ሲጠሩኝ አንጀቴ እርር ይላል» አለች። እማዬ የሚሏት ልጆች ከማኅፀኗ የወጡ አይደሉም። እናታቸው ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ የምታሳድጋቸው የልጅ ልጆቿ ናቸው።

መጠይቁ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከ«በፍጹም» እስከ «በየቀኑ»፣ ማለትም ከ0 እስከ 6፣ በሰባት እርከን ያስመልሳል። አክስቴ ቡናው ሲጀመር 0 ነበረች፤ በረካው ላይ 6 ሆነች። የአንዲት ሴት ጨዋታ መላ ምት ቢያስገኝ እንጂ ግኝት አይሆንም። መላ ምቱ ግን ሊመረመር የሚገባው ይመስለኛል፦ በዚህ ደጋ የሌላውን ሆድ ማንበብ ከልጅነት ጀምሮ ይሠለጠንበታል፤ የራስን ሆድ መናገር ደግሞ የራሱ ቦታና የራሱ ሥርዓት አለው፤ ይህን ሥርዓት የማያውቅ መለኪያ ዝለቱንም የስሜት ብልህነቱንም አሳስቶ ይለካል።

የዝለት ጥናት የተጀመረው ከሥራ ቦታ ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በ1974 እ.ኤ.አ. ሰውን በሚያገለግሉ ሠራተኞች ላይ ያየውን መዛል ጻፈ፤ ክርስቲና ማስላክ በ1981 መለኪያ አበጀችለት። ሐሳቡ በ1980ዎቹ ወደ ወላጆች ቢሻገርም በቅጡ የተመረመረው ኢዛቤል ሮስካምና ሞይራ ሚኮላይቻክ ቤልጅየም በሚገኘው የሉቫን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ከያዙት ወዲህ ነው። በ2018 የወጣው ባለ 23 ጥያቄ መለኪያቸው አራት ነገሮችን ይፈትሻል፦ በወላጅነት ምክንያት የሚመጣ ድካም፣ «እንዲህ ዐይነት ወላጅ አልነበርኩም» የሚል ቁጭት፣ መሰልቸት፣ ከልጆች በስሜት መራቅ። ከድባቴ የሚለየው መነሻው ወላጅነት መሆኑ ነው፤ በዝለት የተያዘች እናት ሥራዋ ላይ ወይም ከጎረቤት ጋር ስትሆን ደህና ልትሆን ትችላለች። መዘዙ ቀላል አይደለም። ከዝለቱ ጋር ጥሎ የመጥፋት ሐሳብ፣ ልጅን ችላ ማለትና ልጅን መምታት አብረው እንደሚጨምሩ የዚሁ ቡድን ጥናቶች አሳይተዋል።

በ2021 የታተመው ሰፊ ጥናታቸው በ42 አገሮች 17,409 ወላጆችን አሳትፏል። ኢትዮጵያ ከአገሮቹ መካከል የለችም። ከአፍሪካ እንደ ቡሩንዲ፣ ሩዋንዳ፣ ካሜሩንና ቶጎ ያሉ ይገኙበታል። ዝለቱ የበረታው ግለኝነት በሰፈነባቸው ምዕራባውያን አገሮች ነው፤ ቤልጅየምን፣ ፖላንድንና አሜሪካን በመሳሰሉት ቁጥሩ እስከ 8 በመቶ ገደማ ደርሷል። የኢኮኖሚ ልዩነት ታሳቢ ተደርጎም ውጤቱ አልተለወጠም። እኛ ይህን ስናነብ ቶሎ ብለን «የእኛ ልጅ የመንደር ልጅ ነው፤ እኛን አይነካንም» ማለት ይቀናናል። ሊሆን ይችላል። ግን አክስቴ ብትጠየቅ ኖሮ በመጀመሪያው መልሷ ኢትዮጵያን ከዝለት ነፃ ታወጣት ነበር።

ተመራማሪዎቹ ዝለትን የሚያስረዱት በሚዛን ነው፤ በአንድ በኩል ጫናው፣ በሌላ በኩል አለኝታው። ከላይ ጋይንት እስከ ታች ጋይንት፣ ከስማዳ ወገዳ እስከ እስቴ መካነ ኢየሱስ ብንሄድ የአለኝታው ወገን ረጅም ስም አለው፦ አያት፣ አክስት፣ የክርስትና እናት፣ ማኅበርና ሰንበቴ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕፃኑን በአንቀልባ የምታዝለው ታላቂቱ ልጅ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ታላቂቱ ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ መግባቷም መልካም ሆኖ፣ እናቲቱ አንድ ትከሻ ታጣለች። ባል ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። ወንዱ ልጅ ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት ሊሄድ ይችላል፤ ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት የሆኑት በዚሁ በጋይንት ምድር አይደለም? ሴት ልጅ ሲደርስላት ዐረብ አገር ታስባለች። እንዲህ እያለ አለኝታው ከቤት ወጥቶ ያልቅና አያት ዳግመኛ እናት ትሆናለች። መጠይቁን የሚያድል ሰው «ወላጅ» ብሎ ማንን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

በባሏ ፋንታ ቤቱን የያዘችው ሴት ሌላም ሸክም አለባት። «ሴት ያሳደገው» የሚለው ስድብ ገና ልጁ ሳያጠፋ ይጠብቃታል። ፍጹም ወላጅ ለመሆን መጣጣር ዝለትን እንደሚያባብስ፣ የስሜት ብልህነት ደግሞ ይህን እንደሚያለዝብ በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት አመልክቷል። በምዕራባውያኑ ዘንድ ፍጹምነትን የሚያስመኘው የወላጅነት መጽሐፍና የሌሎች ወላጆች ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን የስድብ ፍርሃት ነው።

የስሜት ብልህነትን ፒተር ሳሎቬይና ጆን ማየር በ1990 ሲያቀርቡት የራስንም የሌላውንም ስሜት መለየትንና መግራትን አንድ ላይ ይዞ ነበር፤ ዳንኤል ጎልማን በ1995 መጽሐፉ ለሕዝብ አደረሰው። ብዙ ጥናት ሁለቱን ደምሮ አንድ ነጥብ ያወጣል። የሉቫን ሰዎች በ2021 ሁለቱን ነጣጥለው ሲያዩ ያልተጠበቀ ነገር ገጠማቸው። የሌላውን ስሜት የማወቅ ችሎታቸው ከፍ ብሎ የራሳቸውን የማወቅና የመግራት ችሎታቸው ዝቅ ያለ ወላጆች ለዝለት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። የሰውን ሁሉ ሕመም እየሰማች የራሷን የማትለይ ሴት ናት፣ በእኛ አነጋገር።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ቃል ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ሰውን መፍራት ብቻ አይደለም፤ እንግዳው ሳይናገር መራቡን ማወቅ፣ የጎረቤትን ፊት አይቶ ብድሩን ሳይጠየቁ መተው፣ የአማትን ዝምታ መተርጎም ነው። ይህ ሁሉ በመለኪያ ቢገባ ከፍተኛ ነጥብ የሚያስገኝ ችሎታ ነው። ለራስ ስሜት ደግሞ «ሆደ ሰፊ» የሚመሰገንበት፣ «ሆደ ባሻ» የሚነቀፍበት ቋንቋ አለን። ከዚህ ተነሥቶ የደጋው እናት በዚህ የሉቫን ጥናት የተገለጸችው ናት ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔም ለጥቂት ጊዜ እንዲያ አምኜ ነበር።

ያልተስማማኝ ነገር እንጉርጉሮ ነው። በመጅ የፈጨች ሴት የራሷን ስሜት አታውቅም የሚል ሰው ወፍጮ ሥር ተቀምጦ አልሰማም። ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ድንጋዩ እየተንጎራጎረ የባሏን ክፋት፣ የልጇን ናፍቆት፣ የራሷን ዕድል ስም እየሰጠች ታወጣዋለች። እሹሩሩውም እንዲያ ነው፤ ሕፃኑ ያልገባው ነገር ይነገርበታል። ለቅሶ ላይ የሞተውን ሰበብ አድርጋ የቆየ ብሶቷን ታወርዳለች። ንስሐ አባቷ ፊትም ትናገራለች። በሁሉም ቦታ አንድ የጋራ ነገር አለ፦ ሰሚው ልጁ ቢሆን አይገባውም፣ አልቃሹ ቢሆን አይጠይቃትም፣ ካህኑ ቢሆን አያወራባትም። ችሎታው አለ፤ «እኔ መሮኛል» በሚል ቀጥተኛ ዐረፍተ ነገር ግን አይመጣም። የሞተር ወፍጮ መጅን ሲተካ የክንድ ድካም ቀንሷል፤ የእንጉርጉሮው ሰዓትስ ወዴት ሄደ? ከዝለት ጋር የሚያያዝ ጥናት እዚህ ላይ ቢጀመር ደስ ይለኛል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ እዚህ ድካም ሁሉ ከወላጅነት አይመጣም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች የላይ ጋይንቷን ነፋስ መውጫ ይዘው በቆዩባቸው ቀናት ተደፍረናል ያሉ 16 ሴቶችን አምነስቲ ኢንተርናሽናል አነጋግሮ በቀጣዩ ጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ ዘገባ አውጥቷል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ብዙ ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላሉ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነፍሰ ጡርንና አራስን ለጊዜው ከማኅበረሰብ ሥራ ያሳርፋል፤ የምታሳድገው አያት ግን አራስ አይደለችም። በጦርነትና በረሃብ የተጎዳን ሰው «ዝለት አለብህ» ማለት ጉዳቱን ማሳነስ ነው። መለኪያው ሥራ ላይ የሚውል ከሆነ ከቆየ የሥነ ልቦና ቁስል መለያ ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

ወደ መጠይቁ ትርጉም ልመለስ። ባለሙያ መጠይቅ ሲተረጉም አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያስተያያል፤ ትክክል ነው፣ አይበቃም። «ሰልችቶኛል»፣ «ታክቶኛል»፣ «አንገፍግፎኛል»፣ «መሮኛል» በእንግሊዝኛው አንድ ሆነው ሊመለሱ ይችላሉ፤ እስቴ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ሥራ የሚባሉ ናቸው፣ የመጨረሻው ስለ ልጅ ከተባለ ያስማትባል። አክስቴ መለኪያውን የመለሰችው ልጁን ከድካሙ ለይታ ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን እንደገና ብጽፈው ልጅ የሚለውን ቃል አላነሣም። «መሸት ሲል ማንም ባይጠራኝ ያሰኘኛል» ብዬ እጽፍና፣ ቡናው በረካ እስኪደርስ አልጠይቅም።