የውጫሌ ውልና የካሜራ ዓይን

ከሐይቅ ወደ ወልድያ ስትሄዱ አምባሰል ላይ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና አንቶኔሊ የተዋዋሉት በዚሁ አገር፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ቁጭ አለ! የዚህ ጣጣ ነው አድዋ ድረስ ያዘመተን።

ኃይሌ ገሪማ በ1999 እ.ኤ.አ. «አድዋ» የተሰኘውን ፊልሙን ሲያወጣ የፈረንጅ መዝገብ ላይ አልተንጠለጠለም። ሽማግሌ አናገረ፣ ዘፈን አሰማ፣ የአገራችንን ሠዓሊዎች ሥራ በካሜራው ዳሰሰ። ደግ አደረገ፤ የአማርኛው አንቀጽ እንዲህ ነው የሚነበበው።

የ1928ቱ ወረራ ግን ይከብዳል። ፋሺስት ካሜራውን ጭኖ ነው የመጣው፤ ብዙው ፎቶግራፍና ፊልም የወራሪው ነው። መዓዛ መንግሥቴ እንዲህ ያሉትን ፎቶዎች ዓመታት ፈጅታ ለቅማለች። በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ልቦለድ ኤቶሬ የሚባል የኢጣልያ ወታደር ሊገደሉ የተወሰነባቸውን እስረኞች ፎቶ እንዲያነሳ ይታዘዛል። እሷ ፎቶውን በቃላት ታስነብበናለች፤ እዚያ የሚናገረው የአንሺው ሳይሆን የተነሺዋ ዓይን ነው። ለካ አንድ ፎቶም እንደ አንቀጽ 17 ሁለት ንባብ አለው። ታዲያ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በቦምብ የተደበደበችውን የደሴያችንን ፎቶዎች ማን በአማርኛ ያንብብልን?